ከደነባ የመጣው ልጅ ደመወዝ

 

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ የደመወዝ ጉዳይ ነው። ይህ ከዲናችን ውጭ ያለ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እጠይቃለሁ። ብዙዎቻችን በሱቃችን፣ በመጋዘናችን፣ በምናሠራው ሕንፃና በማዕድ ቤታችን ሰው ቀጥረን እናሠራለን። ከነዚህም መካከል ከሰሜን ሸዋ፣ ከደነባና ከአካባቢዋ የመጡ ወጣቶች አሉ። ልጁ አገሩን ለምን ትቶ እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጤፍ የሚበቅልበት ደጋ ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። በጎረቤት በእነዋሪ በኩል ገበሬው ውሃውን ለማጠንፈፍ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ይሠራ ነበር፤ ሴቱም ሕፃኑም የሚሰለፍበት ከባድ ሥራ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ አበጁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትራክተርና ኮምባይነር መጣ። ኮምባይነር የአንድ ሳምንት አጨዳ በሰዓታት ይጨርሳል። ለባለማሳው እሰየው ነው፤ ማጭዱን ይዞ የሰው እርሻ እያጨደ ለሚያድረው ድሃ ግን የሥራ ቀኑ ጠፋ ማለት ነው።

ዋናው ችግር ግን መሬቱ ራሱ ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ከአባቱ ማሳ ላይ ቆርሶ ካልሆነ በቀር የሚደርሰው መሬት የለም፤ አባትየው አራትና አምስት ልጅ ካለው የሚቆረሰው ምን ያህል ነው? እንግዲህ ይህን ልጅ «እርሻ ጠልቶ ከተማ ገባ» ብሎ ማማት ዙልም ይመስለኛል።

ልጁ በቅድሚያ የሚያስበው ደብረ ብርሃንን ነው። ከተማዋ ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች፤ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት፤ የቢራ ፋብሪካዎችም ተተከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ ለደነባ ቅርብ በሆነችው በለሚ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ሆኖም ለልብስ ስፌቱ ዘርፍ መሠረት የነበረው ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል፣ አጎዋ የሚባለው፣ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱንም ገበያውንም ጎዳው። ደብረ ብርሃን ያልያዘችው ልጅ አዲስ አበባ ይገባል፤ ደጃፋችን የሚቆመውም ያን ጊዜ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ይህ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም አይደለም። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «እሱ የኛ ሰው አይደለም» እያለ ደመወዝ የሚያጓትት ሰው ስለሰማሁ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ ሕይወታቸውን አደራ ሰጥተው መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ ገና ያልሰለመ ሰው ነበር። በሐዲሰል ቁድስም አላህ (ሱ.ወ.) በቂያማ ቀን ተሟጋች እሆንባቸዋለሁ ካላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን አሟልቶ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ነው። ሐዲሱ የሠራተኛውን ሃይማኖት አልጠየቀም። ተሟጋቹ አላህ ከሆነ ጠበቃ ከየት ይመጣል?

በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው ሲመለሱ ሁላችንም አዝነናል። የወራት ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የመጡ እህቶችን ታሪክ እየሰማን አሠሪዎቻቸውን ረግመናል። ተገቢ ነው። ግን በዚያው ሰሞን «ገንዘብሽን እኔ ዘንድ አስቀምጬልሻለሁ፣ አገርሽ ስትሄጂ ትወስጃለሽ» የተባለች ልጅ በኛው ማዕድ ቤት ነበረች። ስትጠይቅ ፊት ይከፋባታል፤ ስትታመም ወደ አገሯ ትሸኛለች።

በዋሻ ስለተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች የሚተርከውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንደኛው ዋጋውን ሳይወስድ የሄደ ሠራተኛ ነበረው። ገንዘቡን አስቀምጦለት ብቻ አልቀረም፤ እያሠራ አረባለት፤ ሰውየው ከዘመናት በኋላ ሲመጣ ግመሉን፣ ከብቱን፣ በጉን ሁሉ ንዳ አለው። ሠራተኛው የሚያፌዝበት መስሎት ነበር። እንግዲህ «አስቀምጬልሻለሁ» የምንል ሰዎች፣ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው። የልጅቷን ገንዘብ በሸቀጥ አዙረን ትርፉን ለራሳችን ወስደን፣ ብሩ ዋጋ ካጣ በኋላ ዋናውን መስጠት አማናን መጠበቅ አይመስለኝም።

ሌላው ችግር «ሥራ ጀምር፣ አንጣላም» የምትለው ቋንቋ ናት። የፊቅህ ሊቃውንት ዋጋው የታወቀ መሆን አለበት ይላሉ፤ ሳይታወቅ ከተሠራ ደግሞ ለመሰል ሥራ በገበያው የሚከፈለው ይገባዋል። የአገሪቱ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓቱን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኗል፤ ለትርፍ ሰዓት ቀን አንድ ተኩል፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ይከፈል ይላል። የሙከራ ጊዜውንም 60 የሥራ ቀን አድርጎታል፤ በ59ኛው ቀን ልጁን አሰናብቶ ሌላ ሙከራ የሚያስገባ ሰው መኖሩ ያሳዝናል። የደመወዝ ወለል ግን አዋጁ ሲወጣ ቁጥር አላስቀመጠም፣ ለቦርድ ተወው። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይም ሌላ ደንብ ይውጣለት ብሎ አልፎታል። ስለዚህ ሕግ ባልደረሰበት ቤት የሚቀረው የአሠሪው ኢማን ነው።

«ሥራ ይፍጠሩ እንጂ፣ ለምን እኛን ይጠብቃሉ» የሚል አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊለምን የመጣውን አንሷሪ ሂድና ሥራ ብለው ብቻ አላሰናበቱትም። የቤቱን ምንጣፍና ጽዋ በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት፤ በአንዱ ምግብ፣ በአንዱ መጥረቢያ እንዲገዛ አደረጉ፤ እጀታውንም በራሳቸው እጅ ገጠሙለት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዐሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። ዘካችንንና ሰደቃችንን በሳንቲም ከምንበትን በዚህ መንገድ የልብስ ስፌት መኪና፣ የአናጢ መሣሪያ ብንገዛበት ምን ይመስላችኋል?

አንድ የማውቀው የእህል ነጋዴ ለያንዳንዱ ሠራተኛው አንድ ገጽ ያለው ደብተር አለው። የተስማሙበት ደመወዝ፣ የተከፈለበት ቀን፣ ልጁ እሱ ዘንድ ያስቀመጠው ገንዘብ ተጽፎ ልጁ ራሱ ይፈርምበታል፤ መጻፍ የማይችለው በጓደኛው አስነብቦ ጣቱን ያትማል። ባለፈው ረመዳን ሁለት ጎረቤቶቹ ደብተሩን ተውሰው አሠራሩን ገልብጠዋል።