ጀርባ የማን ነው?

በ1993 ዓ.ም. የምንኖረው ቡራዩ ነበር፤ አሸዋ ሜዳ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ካወጣቸው የመምህር ደመወዝተኞች አንዱ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ሠራተኛችን ዘመዶቿን ልትጠይቅ አገሯ ሄዳለች። እኔና የሰባት ወር ልጄ ብቻችንን ቀረን። የሚታጠብ ጨርቅ አለ፤ የሚሠራ ሽሮ አለ። ሳስተኛት ትጮኻለች፤ ሳቅፋት ዝም ትላለች፤ እሷን ካቀፍኩ ደግሞ ሽሮው የለም። ብጨንቀኝ ከግድግዳው ላይ አንቀልባውን አውርጄ፣ እንደ ምንም ታግዬ አዘልኳት።

ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ጥላ ተኛች። እጆቼ ተመለሱልኝ! ሽንኩርቱን ከተፍኩ፤ ሽሮውን ጣድኩ፤ ጨርቁን ዘፈዘፍኩ። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ መምህር፤ ለዕድሩ ነው!»

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንቀልባውን ፈትቼ፣ የተኛች ልጅ ቀስቅሼ፣ አልጋ ላይ ጥዬ፣ እጄን ጠራርጌ ነው በሩን የከፈትኩት። ልጅቱ ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው።

«ምነው፣ ምን ሆና ነው?» አሉኝ የዕድራችን ገንዘብ ሰብሳቢ።

«እናቷ የለችም» አልኩ።

«አይ ልጅ! እናቷ የሞተችባትም፣ እናቷ ገበያ የሄደችባትም እኩል ያለቅሳሉ ሲባል አልሰማህም?» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ልጄ ግን ያለቀሰችው እናቷ ስለሌለች አልነበረም። አባቷ ከጀርባው ስላወረዳት ነው። ትንሽ ውሸት ናት። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት፤ እስካሁን አልለቀቀችኝም።

ለመሆኑ ምን ፈራሁ? ወንድ ልጅ አይዘል የሚል ሕግ የለም፤ ኃጢአት ነው ያለኝ ቄስም የለም። አባት ልጁን አቅፎ ቢታይ ነውር አይደለም። እሽኮኮ ብሎ ጥምቀት ቢያወጣትማ «እንዴት ያለ አባት ነው!» ተብሎ ይመሰገናል። ታዲያ ከትከሻ ወደ ጀርባ አንድ ስንዝር ዝቅ ሲል ምን ተፈጠረ?

ብዙ አሰብኩበት። እሽኮኮ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱ እጆች የልጁን እግር ይይዛሉ፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ማዘል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ያዘለ ሰው «እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው» እያለ ነው። እንግዲህ ያፈርኩት በልጄ አልነበረም፤ በማማሰያው ነው። ልጅ ይዞ መታየት ክብር፣ ልጅ ይዞ ሲሠሩ መታየት ውርደት መስሎኝ ነው።

ቋንቋችን እንኳ ለዚህ ቃል ያለው አክብሮት የሚገርም ነው። ቁምነገር ያዘለ ንግግር፣ ዝናብ ያዘለ ደመና እንላለን። ቁምነገሩን ማዘል ማዕረግ ሆኖ ልጁን ማዘል የሴት ጉዳይ ብቻ ሆነ። ስለ አንቀልባውም ቢሆን የምናወራው እንደ ጌጥ ነው። ቆዳው ለስልሶ፣ ዛጎሉ ተደርድሮ ሲታይ በእርግጥ ያምራል። ግን መሣሪያ ነው፤ እንደ ማረሻ፣ እንደ መጥረቢያ። የተሠራውም እናት ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ እንድትሠራ ነው።

ፈረንጆቹ ጥቅሙን ዘግይተው ነው የደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ፣ ሞንትሪያል ላይ በተካሄደ ጥናት፣ ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች ወላጆች ከልማዳቸው በላይ ሕፃናቱን በቀን ለተጨማሪ ሰዓታት እንዲይዙ አደረጉ። ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው የእነዚህ ሕፃናት ለቅሶና መነጫነጭ ከሌሎቹ በ43 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አያቶቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። ሳቁ ግን እኛን ወንዶቹን አይመለከትም፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ እኛ አይደለንም።

አንድ ወዳጄ ይህን ባጫውተው ተቆጣ። «ወንዱስ? ቤተሰቡን ተሸክሞ አይደለም እንዴ የሚውለው? ደግሞ እናትነት ተፈጥሮ ነው!»

ወንዱ መሸከሙን አልክድም። ሸክም ተከፋፍሎ መያዝ ግን አንድ ነገር ነው፤ የአንዱን ወገን ሸክም ማፈሪያ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ተፈጥሮን በተመለከተም ልክ ነው፤ ጡት የተሰጠው ለእናት ብቻ ነው። ጀርባ ግን ለሁላችንም ተሰጥቷል።

የእናትስ ጀርባ ባዶ ሆኖ ነው? በእንጦጦና በሱሉልታ በኩል ከ30 ኪሎ በላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ጎብጠው ሲወርዱ ያየናቸው ሴቶች ጀርባቸው ተይዟል። ልጃቸውን የት ያድርጉት? ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራዋስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ ለአባትየው 3 ቀን። የመንግሥት ሠራተኛ አባት በአዋጅ 1064/2010 መሠረት 10 የሥራ ቀን ነበረው፤ መሥሪያ ቤቱም የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም ታዞ ነበር። ጥሩ ነው። ግን በዘጠና አንደኛው ቀን ጠዋት፣ በኪራይ ቤት ያንን ልጅ የሚያዝለው ማነው? ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣች የእህት ልጅ ናት፤ ራሷ ገና ያልጠናች ልጅ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። በዚያች ቅዳሜ ዘመድ ጥየቃ የሄደችው ሠራተኛችን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ክፍል ቆሜ እናት በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ስላላት ቦታ አስተምራለሁ፤ እሷ ቤት ውስጥ ልጄን አዝላ ልብስ ታጥባለች። ልጅ ልጅ አዝላ ማለት ነው። በተማሪዎቼ ፊት የእናትን ጀርባ አመሰግን ነበር። እሷን ግን «አንቺስ፣ ስንተኛ ክፍል ደርሰሽ ነው ያቋረጥሽው?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ምስጋና ርካሽ ነው፤ ዕዳ የከፈልን ያስመስለናል። እናትን ማወደስ የምንወደው ምናልባት ሸክሙን መቀበል ስለማንፈልግ ይሆን?

ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። ያቺ ያለቀሰችው ልጄም እናት ሆናለች። ባሏ ልጁን ከሱቅ በተገዛ ማዘያ ደረቱ ላይ አስሮ ገበያ ይወጣል። የሚስቅ ይስቃል፤ እሱ ግድ የለውም። ባለፈው ሊጠይቁን መጥተው ልጄ ወጥ ቤት ገባችና «አባዬ፣ እስቲ አንዴ እዘልልኝ» አለችኝ። ያንኑ የድሮውን አንቀልባ አውርዳ አሰረችልኝ። ሕፃኑ ተኛ።

በሩ ተንኳኳ። አላወረድኩትም። ሄጄም ከፈትኩ። ነገር ግን አልዋሻችሁም፤ ከመክፈቴ በፊት በቀዳዳው አጮልቄ ማን እንደሆነ አይቻለሁ።