ባዶው መርፌ

ሞት የተቃረበውን ሰው መድኃኒት ይሁን አይሁን ሳይነግሩ ባዶ ፈሳሽ መውጋት ኃጢአት ነው? ይህን የጠየቁኝ፣ ኤ.ኤል.ኤስ የያዛቸው አንድ አባት ናቸው። «ዲያቆን፣ በመጽሐፍ አታምታታኝ፤ አዎ ወይም አይደለም በለኝ» አሉኝ። በሽታው እንቅስቃሴን የሚያዙ ነርቮችን እየገደለ እጅን፣ ምላስን፣ በመጨረሻም ትንፋሽን ይነጥቃል። አብዛኛው ሕመምተኛ ምልክቱ ከታየበት ጀምሮ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው የሚኖረው።

ያነሱት ኑርኦን ስለሚባለው የስቴም ሴል ሕክምና ነበር። ብሬንስቶርም የተባለው ኩባንያ ከሕመምተኛው ከራሱ መቅኒ ሴል ይወስድና፣ ነርቭን የሚንከባከቡ ንጥረ ነገሮችን እንዲያመነጭ አዘጋጅቶ ወደ አከርካሪው ፈሳሽ ይመልሰዋል። ከፅንስ የተወሰደ ስላልሆነ በዚያ በኩል ሕሊናዬን አልቆረቆረውም። በአሜሪካ በተደረገው ትልቅ ሙከራ ግን ግማሾቹ ፕላሴቦ፣ ማለትም ባዶው ፈሳሽ፣ ነው የደረሳቸው። መቅኒ የተቀዳው ከሁሉም ነው፤ ሁሉም እስከ 3 ጊዜ ጀርባቸውን ተወግተዋል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ሴሉን ከወሰዱት 33 በመቶ ያህሉ የበሽታው ግስጋሴ እንደታሰበው ረገበላቸው። ፕላሴቦ ከተሰጣቸውም 28 በመቶ ያህሉ ረገበላቸው! ይህን ቁጥር ሳስብ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። እነዚያ ባዶውን የተቀበሉ ሰዎች ባይኖሩ 33ቱን በሙሉ ለሴሉ ሰጥተን «ተአምር» እንል ነበር። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች 17 ለ1 ማስረጃው አይበቃም አሉ፤ አንዱ ድምፅ አልሰጡም። ኩባንያውም ማመልከቻውን ሳበ።

ስለዚህ ለእኚያ አባት «አይደለም» አልኳቸው። ውሸት፣ ሊያውቅ የሚገባውን ሰው ደብቆ ማሳሳት ነው። እዚህ ግን ሕመምተኛው ከሁለቱ አንዱ ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮት ፈርሟል፤ የትኛው እንደደረሰው ሐኪሙም አያውቅም። ካለችው አጭር ዕድሜ ወራት ቆርሶ ለማያውቀው ሰው የሰጠ፣ ያላትን ሁሉ እንደሰጠችው የወንጌሏ መበለት ነው። ይህን ስል ዕዳው ቀረ ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱ ከሠራ ቅድሚያው የእነሱ መሆን አለበት፤ ይህ ከመፈረማቸው በፊት ካልተጻፈላቸው «ፈቅደዋል» ማለት ይከብደኛል።

ኃጢአቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው። ያልተፈተነ ስቴም ሴል በብዙ ሺሕ ዶላር የሚሸጡ ክሊኒኮች አሉ። እነሱ ዘንድ ፕላሴቦ የለም፤ ከፋይ ሁሉ «እውነተኛውን» ያገኛል፣ ሠራ አልሠራ የሚቆጥር ግን የለም። የእኛ ሰው ደግሞ ሩኅሩኅ ነው፤ ጎፈንድሚ ይከፈታል፣ ከቅዳሴ በኋላም አስታውቁልን ይባላል። አሁን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ቤተሰቡን ለብቻ አስቀምጬ፣ ሙከራው የተመዘገበ መሆኑንና ታማሚው ገንዘብ እንዲከፍል ተጠይቆ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከፋዩ ታማሚው ከሆነ በዐውደ ምሕረት አላስታውቅም፤ ገንዘቡ ለመተንፈሻ መሣሪያና ሌሊት ለሚያገላብጠው ሰው ደመወዝ እንዲውል እለምናለሁ። የተቆጡኝ አሉ፤ ቁጣቸው ይገባኛል፣ አቋሜን ግን አልለወጥኩም።