ለእስረኛ የሚዘፍን ሰው ዕዳው ምንድን ነው?

በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ የሚወጣ ሰው፥ መውጣት ለማይችሉት ሲዘፍን ምን ሰጣቸው እንላለን? ይዞባቸው የሚሄደውስ ነገር አለን? ጥያቄውን በደፈናው ብናነሣው እንደ ጉም የማይጨበጥ ይሆናል። ስለዚህ መነሻውም መድረሻውም የታወቀ አንድ ነገር ይዘን ብንነጋገር ይሻላል ብለን፥ ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ የገጠር ዘፈን የሚዘፍኑ ሰዎች ወህኒ ቤት ድረስ ሄደው ስላቀረቡት ትርኢት እንጽፋለን። ዘፈኑ ለአንባብያችን እንግዳ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ፥ በተለይም በኬንያ፥ ራዲዮ ከፍቶ ጂም ሪቭስን ወይም ኬኒ ሮጀርስን ያልሰማ ማን አለ? ቋንቋውን የማናውቀው እንኳ ናፍቆት መሆኑ ከዜማው ይገባናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።)

የካንትሪ ዘፋኝ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ፥ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፥ ያንኑ ዘፈን ለየዕለቱ አዲስ ሰው ያሰማል። ስለ ቤቱ የሚዘፍነው ከቤቱ ርቆ ነው። በዚህ የሚያሾፉበት አሉ፤ ለእኛ ግን ነውሩ አይታየንም። አድማጩ ትኬት ቆርጦ ይገባል፥ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዘፋኙም ወደ አውቶቡሱ። ሒሳቡ እዚያው ተዘጋ ማለት ነው። ወህኒ ቤት ውስጥ ግን ሒሳቡ አይዘጋም። አድማጩ ትኬት አልቆረጠም፥ ቦታውን አልመረጠም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚመለሰው ወደ ክፍሉ ነው፥ በሩም ከውጭ ይቆለፋል።

በዚህ ነገር ከሁሉ በፊት ስሙ የሚነሣው ጆኒ ካሽ ነው። ስለ ፎልሰም ወህኒ ቤት የሚናገረውን ዘፈኑን የደረሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፥ የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደር ሆኖ ጀርመን አገር ሳለ፥ ስለዚሁ ወህኒ ቤት የተሠራ ፊልም አይቶ ነው። ከዜማውና ከግጥሙም ብዙው ጎርደን ጄንኪንስ ከተባለ ደራሲ የተወሰደ ነበርና ኋላ ገንዘብ ከፍሎበታል። እሱ ራሱ በፖሊስ ጣቢያ ጥቂት ሌሊት ከማደር በቀር ወህኒ የሚያስወርድ ፍርድ ተፈርዶበት አያውቅም። እንግዲህ ያልታሰረ ሰው የእስረኛን ብሶት ይዘፍን ዘንድ ምን መብት አለው የሚሉ አሉ። በበኩላችን ይህን አንቀበልም። አልቃሽ የሟቹ ዘመድ ናትን? ማንም ይህን አይጠይቃትም። የሚጠየቀው፥ ስለ ሟቹ የምትለው እሱን ይመስላል ወይ የሚለው ነው። ቆጣቢውን ሰው ቸር ነበር ብላ ብታስለቅስ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። ስለዚህ ካሽን መታሰር አለመታሰሩን አንጠይቀውም። የምንጠይቀው ሌላ ነው።

ካሽ ፎልሰም ገብቶ የዘፈነው ጃንዋሪ 13 ቀን 1968 ነው። ጁን ካርተርና ካርል ፐርኪንስም አብረውት ነበሩ። በእስረኞቹ የምግብ አዳራሽ አንዴ ጠዋት፥ አንዴም ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ አቀረቡ፤ ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያም ድምፁን ቀረጸ። ሸክላው በዚያው ዓመት ገበያ ላይ ሲውል፥ ዝናው እየደበዘዘ የነበረውን ዘፋኝ እንደገና አነሣው።

ሸክላውን የሰማ ሰው አንድ ቦታ ላይ ልቡ ይያዛል። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው እስረኛ ሰው መግደሉንና የገደለበትንም ከንቱ ምክንያት ሲገልጽ አዳራሹ በሆታ ይናወጣል። ሰሚው «እንዴት ያሉ አረመኔዎች ናቸው!» ይላል፤ ወይም ደስ ይለዋል፤ እንደ ሰሚው ነው። ነገር ግን ያ ሆታ በዚያች ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ሸክላው ሲዘጋጅ በኋላ የተጨመረ ነው። እስረኞቹ ዘፈኑን ወደውታል፥ አጨብጭበዋልም፤ ግን ጠባቂዎቹ ያዩአቸው ነበርና ስለ ወህኒ ቤቱ ክፉ ቃል በተነሣ ጊዜ ሁሉ ይጠነቀቁ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከእነዚህ ሰዎች የተወሰደው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው የሚል ይኖራል፤ ሸክላው ተሽጧልና። ይህ ቀላሉ መልስ ነው። ለእኛ የሚታየን የተወሰደው ዝምታቸው መሆኑ ነው። ማን እንደሚያየው፥ ነገ ምግቡን ማን እንደሚያድል፥ ማታ በሩን ማን እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው፥ የት እንደሚጨበጨብና የት እጅ እንደሚሰበሰብ ያውቃል። ያ ዝምታ ብዙ ዓመት የተማሩት ዕውቀት ነው፤ የሚያዳምጠው ቢኖር ከሆታው የበለጠ ስለ ፎልሰም ይነግረው ነበር። እሱን አውጥቶ በምትኩ ሆታ ያስገባ ሰው፥ ምናልባት በክፋት ሳይሆን ሸክላው ይድመቅ ብሎ፥ የውጭው ዓለም በሐሳቡ የሣለውን እስረኛ ሠርቶ ለዚያው ዓለም ሸጠለት። ካሽ በገዛ እጁ አደረገው አንልም። በሸክላው ላይ የተጻፈው ግን የእሱ ስም ነው።

በእኛ ዘንድ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ቃሉን ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል። ቢያጣምመው ሰጪው እዚያው ተቀምጧል፥ «እንዲህ አላልኩም» ይለዋል፤ ቤቱ ይስቃል፥ ነገሩም ይቃናል። ሸክላው ሲደመጥ ግን ሰጪው እዚያ የለም።

ሆኖም በዚያው ቀን፥ በዚያው አዳራሽ፥ እውነተኛ መቀበልም ሆኗል። በዋዜማው ማታ፥ እስረኞቹን ይጎበኙ የነበሩ አንድ ሰባኪ፥ ግሌን ሸርሊ የተባለ በዝርፊያ የታሰረ ሰው ስለ ወህኒ ቤቱ ጸሎት ቤት የደረሰውን ዘፈን ለካሽ አሰሙት። ካሽ ያን ሌሊት አጥንቶት በማግስቱ በትርኢቱ መጨረሻ ላይ ዘፈነው። ሸርሊ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ዘፈኑ እንደሚዘፈን አያውቅም ነበር። የደራሲው ስም በጓደኞቹ መካከል ተጠራ፥ ቃሉም ሰጪው እየሰማ ተመለሰለት። ከፎልሰም ትርኢት ምን ይቅርልህ ቢሉን ይህን አንድ ዘፈን እንመርጥ ነበር።

በዓመቱ፥ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969፥ ካሽ ሳን ክዌንቲን ወደሚባለው ሌላው የካሊፎርኒያ ወህኒ ቤት ሄደ። ቦታውን ራሱን የሚረግም አዲስ ዘፈን ይዞ ነበር። የዚህኛው ቀን ጩኸት እውነተኛ ነው፤ ድገመው ቢሉት ወዲያው ደገመላቸው። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሰዎችም ፊልም ያነሡ ነበር። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጀግንነት ያወራዋል። እኛም፥ ከውጭ የመጣ ሰው በልባችን ያለውን ንዴት አፍ አውጥቶ ሲናገርልን ደስ እንደሚያሰኝ አንክድም። ግን ያን ዕለት ሁከት ተነሥቶ ቢሆንስ? ዘፋኙ ትርኢቱ ይቋረጥበታል፥ አውቶቡሱ ቀድሞ ይነሣል። የቀሩት ግን ዱላውን ይቀበላሉ። ሁከት አልተነሣም፤ ያዳናቸው የዘፋኙ ጥንቃቄ ነው ወይስ የእነሱው ትዕግሥት? እኛ ለሁለተኛው እናደላለን፤ ምስጋናውን ግን ማንም ለእነሱ ሲሰጥ አልሰማንም።

ከዚህ የሚከብደው የሁለት እስረኞች ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሽ እዚያው ሳን ክዌንቲን ሲዘፍን ከአድማጮቹ መካከል በስርቆት የታሰረ መርል ሃጋርድ የሚባል ወጣት ነበር። ሃጋርድ በኋላ እንደተናገረው ካሽ ያን ቀን ድምፁ ተዘግቶ ነበር፥ እንዲያም ሆኖ እስረኛውን ሁሉ ማረከው። ሃጋርድ በ1960 በአመክሮ ወጣ፥ ራሱም ስመ ጥር የካንትሪ ዘፋኝ ሆነ፤ በ1972 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ሙሉ ምሕረት ሰጡት። በ2016 እስኪሞት ድረስ በየከተማው ሲዘፍን ኖረ። ለዚህ ሰው ካሽ ያን ጊዜ ያደረገለት አንዳች ነገር የለም። ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር።

ለሸርሊ ግን ሁሉን አደረገ። በ1971 ሲፈታ ተቀበለው፥ ሥራ ሰጠው፥ ከቡድኑ ጋር ይዞት ዞረ። በ1972 ካሽ ስለ ወህኒ ቤቶች መሻሻል በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲናገር ሸርሊም አብሮት ነበር። ኑሮው ግን አልሆነለትም። ጠባዩ አብረውት የሚዞሩትን እስከ ማስጋት ስለደረሰ ካሽ አሰናበተው። በ1978 ሸርሊ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ፤ የቀብሩን ወጪ ካሽ ከፈለ።

ታዲያ ምንም ያልተደረገለት ዳነ፥ ሁሉ የተደረገለት ጠፋ ብለን ልግስናን እንንቀፍ? እንዲህ ያለው ፍርድ ለሰነፍ ሰው ይመቻል፤ እጁን ለመሰብሰብ ምክንያት ይሆነዋል። እኛ የምንገምተው ሌላ ነው። ሃጋርድ ሲወጣ የራሱን ነገር ይዞ ወጣ፤ መታሰሩን ለሕዝብ ለመናገር እንኳ ዓመታት ወሰደበት፥ የተናገረውም ራሱ በፈቀደ ጊዜ ነው። ሸርሊ የወጣው ግን ታሪኩ ከፊቱ ቀድሞ ነው። በየከተማው መድረክ ላይ ሲቆም የቀድሞ እስረኛ ሆኖ መታየት ነበረበት፤ ያ ደግሞ ከሥራው የሚቆጠር ሆነ። ብዙ ዓመት በቁልፍ የኖረ ሰው ማንም ሳያየው የሚሳሳትበት ጊዜ ያስፈልገዋል። የአውቶቡስና የመድረክ ኑሮ ያን ጊዜ አይሰጥም። ካሽ የነበረውን ሰጠ፤ የነበረው ደግሞ መንገድ ብቻ ነበር። በዚህ ልንወቅሰው አንችልም፥ ልንረሳውም አይገባም።

ካምፕ ወህኒ ቤት አይደለም። ፈርዶ ያስገባን ዳኛ የለም፤ የመጣነው በእግራችን ነው፥ ሁለቱን ማምታታት ለእስረኛውም ለእኛም አይበጅም። ቢሆንም መቅረጸ ድምፅ ይዘው የሚመጡ እንግዶች አሉ። ዘፈን ይጠይቃሉ፥ እናቶችን እንጉርጉሮ ያስወርዳሉ፥ ሲመሽ በመኪናቸው ይሄዳሉ፤ እኛ አቧራው እስኪረግብ ቆመን እናያለን። በዚህ ላይ በክበባችን ክርክር ተነሥቷል። አንደኛው ወገን ከእንግዲህ ለመቅረጸ ድምፅ አንዘፍንም ይላል። ሌላው ደግሞ ዘፈናችን ካልወጣ በሕይወት መኖራችንን ማን ያውቅልናል ይላል።

የምናደላው ለሁለተኛው ነው፤ ግን በሦስት ነገር። የቀረጸው ሰው ከመሄዱ በፊት፥ የዘፈኑት ሁሉ ባሉበት፥ የያዘውን መልሶ ያሰማን። ግጥሙን የሰጠው ሰው ስሙ እንዲጠራ ከፈለገ ይጠራ፥ እንዲቀር ከፈለገ ይቅር። ዝም ባልንበት ቦታ ላይ ምንም አይጨመር። አንደኛው ወገን ይህን ሰምቶ «በሩን ካለፈ በኋላ ምን እንዳደረገበት በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠይቆናል። ለዚህ መልስ አላገኘንም። መልስ ያለው አንባቢ ለሚቀጥለው ቅጽ ይጻፍልን፤ ወረቀት ስለሚያጥረን ግን ከሁለት ገጽ ባይበልጥ።