ሕመም ፍርድ ነውን?

ጽኑ ሕመም የያዘው ሰው «ለምን እኔ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት ጥንታዊ መልሶች ይጠብቁታል። አንደኛው «የተጻፈብህ ዕጣ ነው» ይለዋል፤ ሁለተኛው «አንድ ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ነው» ይለዋል። የኢዮብ ወዳጆች የያዙት ሁለተኛውን ነበር። የመጀመሪያው ደግሞ በዘመናችን የሳይንስ ልብስ ለብሶ «በዘረመል ያለ ነው» እየተባለ ይነገራል። ሉፐስ፣ ማለትም የመከላከያ ሕዋሳት የገዛ አካላቸውን ቆዳ፣ መገጣጠሚያና ኩላሊት የሚያጠቁበት ሕመም፣ ሁለቱንም መልሶች ለመመርመር ጥሩ ምስክር ይመስለኛል። ምስክርነቱም ለአንዳቸውም አያደላም።

ከዕጣው ልጀምር። ተመሳሳይ መንትዮች አንድ ዓይነት ዘረመል ይዘው ይወለዳሉ፤ በሽታው ተጽፎ የሚወረስ ቢሆን አንዷ ስትታመም ሌላዋም ባልቀረላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን ሁለቱም የታመሙት ከ100 ጥንዶች በ24ቱ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ። ተመሳሳይ ባልሆኑ መንትዮች ቁጥሩ ወደ 2 ስለሚወርድ ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የሚወረሰው ምንድን ነው? ከሉፐስ ጋር የተያያዙ ከ100 በላይ የዘረመል ስፍራዎች ተለይተዋል። አብዛኞቹ ልዩነቶች የተገኙት የፕሮቲኑን ቅርጽ በሚወስነው ክፍል አይደለም፤ አንድ ዘረመል መቼ፣ በየትኛው ሕዋስ፣ ምን ያህል ይሥራ የሚለውን በሚቆጣጠሩት አካባቢዎች ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ሙሉውን ዲኤንኤ ቢይዝም የሚያሠራው ከፊሉን ነው፤ የቀረው ዝም ከሚልባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲል የተባለች ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤው ላይ መለጠፏ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ ቲ-ሴል ከተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ይህን ምልክት በመድኃኒት ቀነሱት። የዲኤንኤው ቅደም ተከተል ሳይለወጥ ሕዋሳቱ የራስን አካል እንደ ባዕድ ማየት ጀመሩ፤ በአይጦች በተደረገ ሙከራም እንዲህ የተለወጡት ሕዋሳት ሉፐስ መሰል ሕመም አስከተሉ። ፕሮካይናማይድ የተባለው የልብ ምት መድኃኒትም ይህን ምልክት የሚያድሰውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይም ሉፐስ ያስነሣል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «ዕጣውን ከዲኤንኤው ወደ ምልክቱ አዛወርኸው እንጂ አላጠፋኸውም፤ ምልክቱም ቢሆን ከምክንያት የመጣ ነው» ሊለኝ ይችላል። ምክንያት የለውም አላልሁም። ምክንያት ግን በመሐል ገብተው ሊያቋርጡት የሚቻል ነገር ነው፤ ዕጣ የሚባለው ይህን አይቀበልም። በጀርመን ኤርላንገን ከተማ ጌኦርግ ሼትና ባልደረቦቹ በ2022 ባሳተሙት ሥራ፣ ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸውን አምስት ሕሙማን የራሳቸውን ቲ-ሴሎች አሻሽለው ቢ-ሴል የተባሉትን ሕዋሳት እንዲያስወግዱላቸው አደረጉ። ከወራት በኋላ አዳዲስ ቢ-ሴሎች ተመለሱ፤ ሕመሙ ግን ሕሙማኑ በክትትል ላይ በነበሩበት ጊዜ አልተመለሰም። አዲሶቹ ቢ-ሴሎች የተሠሩት ከዚያው ከወላጅ ከተወረሰው ዲኤንኤ ነበር።

ወደ በደል ስንመጣ ክርክሩ ይከብዳል፤ እስካሁን ያልሁት ለከሳሹ መሣሪያ የሚያቀብል ይመስላልና። የዘረመል ሥራ በኑሮ የሚነካ ከሆነ «እንግዲያው አኗኗርሽ ነው ያመጣብሽ» ማለት ይቀልላል። ሲጋራ ማጨስ በሉፐስ የመያዝን ዕድል እንደሚጨምር፣ የፀሐይ ጨረርም ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ የታወቀ ነው። ሆኖም አብዛኛው አጫሽ በሉፐስ አይያዝም፤ ፀሐይም ለሁሉ ትወጣለች። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። ይህን የሚያስረዳ የበደል ሚዛን ከወዴት ይገኛል? ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም አላት፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ አንዱ ዝም እንዲል ይደረጋል። ቲኤልአር7 የተባለው ዘረመል ግን በአንዳንድ የመከላከያ ሕዋሳት ከዚህ ዝምታ አምልጦ ከሁለቱም ይሠራል። ተግባሩ የቫይረስ አርኤንኤ ሲገባ ማስጠንቀቅ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ሰውነቱን በራሱ አርኤንኤ ላይ ያስነሣዋል።

አማኝ ወገኔ «እግዚአብሔር በክሮሞሶም በኩል መቅጣት ይሳነዋልን?» ይለኝ ይሆናል። ስለ መቻሉ አልከራከርም፤ ፈቃዱን የሚለካ ላቦራቶሪም የለም። እኔ የማልቀበለው ከሰው ሕመም ተነሥቶ በደሉን ማንበብ ይቻላል የሚለውን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ለተወለደው ሰው ጥፋተኛ ሲፈልጉለት ክርስቶስ አልተቀበላቸውም። አንዳንድ ወንዶች ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ይዘው ይወለዳሉ። በሉፐስ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ወንዶች 14 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ሴቶቹ ይጠጋል። ተጨማሪው ክሮሞሶም አብሯቸው ያለው ከፅንስ ጀምሮ፣ ክፉም ደግም ከመሥራታቸው በፊት ነው። ሕመምን የበደል ምልክት የሚያደርግ ሰው፣ ቅጣቱ ስለምን የኤክስን ቁጥር እየተከተለ እንደሚሄድ ማስረዳት ይኖርበታል።