ያልተጠቀሰው ሰው

አማርኛችን «ጠቀሰ» የምትል ግሥ አለችው። ለሥጋም ታገለግላለች፤ ለመጽሐፍም ታገለግላለች። ጥሬ ሥጋውን አዋዜ እያስነካ የሚበላ ሰው ይጠቅሳል። ከሌላ ሰው የወሰደውን ሐሳብ «የእገሌ ነው» ብሎ የሚጽፍም ይጠቅሳል። በዓይኑ የሚጠቅስም አለ፤ እሱን ለጎረምሶች እንተውላቸው። ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በሁለተኛው መጥቀስ የተነሣ ተማሪዎቼን ቁም ስቅላቸውን አሳይቻለሁ። ምንጭ ያልጠቀሰ ተማሪ እኔ ዘንድ ምሕረት አልነበረውም። «የሰው ሐሳብ ወስዶ ዝም ማለት፣ የሰው በግ ነድቶ ዝም ከማለት አይለይም» እል ነበር።

የመጀመሪያው መጥቀስ ስለ ሁለተኛው የሚያስተምረኝ ነገር ይኖራል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያስተማረኝ አንድ ሳንድዊች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎስ አንጀለስ የምትኖረውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» በተባለው ሰፈር፣ ከአዲስ አበባ ንቅንቅ እንዳላለ ሰው ሽሮና ጥብስ ስበላ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ልጅቷን ታከታት መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ የዚህን አገር ሰው ምግብ ይቅመሱ እንጂ። መቶ ዓመት ያለፈው ቤት አለ» ብላ ወደ መሐል ከተማ ወሰደችኝ።

ቤቱ ፊሊፕስ ይባላል። የሬዲዮኑ ፊሊፕስ አይደለም። ከትልቁ የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አላሜዳ ጎዳና ላይ ነው ያለው። መቶ ዓመት ያለፈው ቤት ስትለኝ እኔ የጠበቅሁት ምንጣፍና ከረባት ነበር። ስንገባ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል! አናጺ ቤት የገባን መሰለኝ። ጠረጴዛዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ እንደ ሠርግ ዳስ ከማያውቁት ሰው ጎን ተጠግተው ነው የሚቀመጡት። አስተናጋጅ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» የሚባል ነገር የለም። ባንኮኒው ፊት ተሰልፈው ተራዎ ሲደርስ፣ ሥጋ ቆራጯ ሴትዮ እዚያው ዓይንዎ እያየ ትሠራልዎታለች። ይኼ ቤት ቡናውን ለአሥርት ዓመታት በ10 ሳንቲም ሲሸጥ ኖሮ በ2012 ወደ 45 ሳንቲም ከፍ ቢያደርገው፣ የቡናው ዋጋ ራሱን የቻለ የከተማው ወሬ ሆኖ ነበር።

ሳንድዊቹ ምን መሰላችሁ? የበሬ ሥጋ በምድጃ ይጠበስና በስሱ ይቆረጣል። ዳቦው ለሁለት ይሰነጠቃል። ከዚያ ሴትዮዋ የዳቦውን ሆድ ከሥጋው በወጣው ትኩስ ወዝ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ሥጋውን ትሞላበትና በወረቀት ሳህን ትሰጥዎታለች። አለቀ። ጠረጴዛው ላይ ሰናፍጭ አለ። «ጋሼ፣ ሰናፍጩን ጠንቀቅ ይበሉ» አለችኝ የእህቴ ልጅ። «ኤዲያ! ለእኔ ነው ሰናፍጭ የምትነግሪኝ?» ብዬ በማንኪያ ሙሉ ለደፍኩት። ቀጥሎ ለጥቂት ደቂቃ ያለቀስኩትን ልቅሶ ማንም አላየብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጣዕሙን ልንገራችሁ ካልኩ የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ። ወጥ የፈሰሰባት፣ ከሥር ሆና ወዙን ሁሉ ስትጠጣ የቆየች እንጀራ አለች አይደል? በልጅነታችን ከወንድም ከእህት ጋር የተጣላንባት? እሷ ናት። አሜሪካኖቹ በዳቦ ሠሯት።

እየበላን ልጅቷ የቤቱን ታሪክ አጫወተችኝ። እኔም በኋላ ነገሩ ስላልለቀቀኝ ሳነብ ሰነበትኩ። ፊሊፕ ማቲዩ የሚባል ፈረንሳዊ ስደተኛ ቤቱን የከፈተው በፈረንጆች 1908 ነው። እምዬ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ለእኛው ጣይቱ ሆቴል የዕድሜ አቻው ነው ማለት ይቻላል። በ1927 ፊሊፕ ቤቱን ማርቲን ለሚባሉ ወንድማማቾች ሸጠላቸው። በ1951 ደግሞ አውራ ጎዳና ሊያልፍበት ሆነና ተነሥቶ አሁን ያለበት ቦታ ሄደ። በመንገድ ሥራ መነሣት ለእኛ ብቻ የተሰጠ ዕጣ ይመስለን የለ!

«ፍሬንች ዲፕ» የሚሉት ይኼ የተነከረ ሳንድዊች የተጀመረው በ1918 እዚያ ቤት ነው ይባላል። ይባላል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያው ከተማ ኮልስ የሚባል፣ እሱም በ1908 የተከፈተ ሌላ ቤት «ጀማሪው እኔ ነኝ» ሲል ኖሯል። እሱ ዘንድ ወዙ በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቀርብና በላተኛው ራሱ እየጠቀሰ ይበላ ነበር። ሁለቱ ቤቶች የየራሳቸው ደጋፊ ነበራቸው፤ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ማለት ነው። ኮልስ በሐምሌ 2025 ልዘጋ ነው ብሎ ባስታወቀ ጊዜ ሰው ለስንብት ተሰልፎ የመዝጊያው ቀን ደጋግሞ ተራዘመ። ለካ «ጀማሪው ማነው?» የሚለው ክርክር ሰዎቹን ከምግቡ እኩል ሲመግባቸው ኖሯል።

እኔን የያዘኝ ግን የሁለቱ ቤቶች ሙግት አይደለም። ታሪኩ ሲነገር በየቦታው ብቅ የሚል አንድ ሰው ነው።

አንዱ ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ፊሊፕ ሳንድዊች ሲሠራ ዳቦው እጁን አምልጦ ወዙ ውስጥ ወደቀበት፤ ደንበኛው ፖሊስ ነበርና «ግድ የለም፣ እንዲያው ስጠኝ» አለ፤ በማግሥቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሌላው፦ አንድ እሳት አደጋ ሠራተኛ ዳቦው ደረቀብኝ ብሎ ቢያማርር ወዙ ውስጥ ነከሩለት። በኮልስ በኩል ደግሞ፦ ድዱን የታመመ ሰው ደረቅ ዳቦ መንከስ አቅቶት ነው የተነከረለት። ራሱ ፊሊፕ በ1951 ለጋዜጣ የተናገረው ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ ደንበኛ ከመጥበሻው ሥር የተጠራቀመውን ወዝ አይቶ፣ ዳቦዬን በአንድ ጎኑ ብትነክርልኝ ቅር ይልሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ነከረለት። ወዲያው ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ለእኛም አሉ።

ልብ በሉልኝ። ታሪኩ በተለዋወጠ ቁጥር ሙያው ይለወጣል፣ ሕመሙ ይለወጣል፤ ከባንኮኒው ወዲህ ማዶ የቆመ አንድ ሰው ግን ከየትኛውም አይጠፋም። ወዙን አይቶ የጠየቀ፣ ወይም የወደቀውን ዳቦ «ስጠኝ» ያለ። የቤቱ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ተጠራ። የሰውየውን ስም ግን በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ የለም። ሳንድዊቹን በላ፣ አፉን ጠረገ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ሰናፍጩ ካስለቀሰኝ በላይ ሊያስለቅሰኝ የሚገባው ነገር ትዝ ያለኝ ይኼኔ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ስለ አማርኛ ልብ ወለድ አስተምር ነበር። ባላባት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ አንሥቼ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ውስጣዊ ግጭት ስተነትን፣ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ነበረች። «ቲቸር» አለች፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ ነው የምናየው። እንጀራውን የምትጋግረው ማናት? ውሃውን የሚቀዳውስ? ለምንድነው ስም የሌላቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት። መምህር የሆናችሁ «እንመለስበታለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኔ ግን ተመለስኩበት፤ ብቻዬን። ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። በየልብ ወለዱ ደጅ ከፋቹን፣ ጠላ ቀጂዋን፣ ፈረስ ያዡን ስቆጥር፣ ማን ስም እንደተሰጠው ማን እንደተነፈገው ስመዘግብ ሁለት ዓመት ፈጀሁ። ከዚያ ጥናት አድርጌ አንድ ጉባኤ ላይ አቀረብኩት። አዳራሹ አጨበጨበ። ታተመ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች «ስለ ስም የለሾቹ የጻፍካት ነገር!» እያሉ ያመሰግኑኛል። ግርጌ ማስታወሻዋ ሰማኒያ ነበረች፤ ጀርመኑንም ሩሲያዊውንም ጠቅሻለሁ። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠዋን ልጅ አልጠቀስኩም።

ስም የለሾችን ስም ለማስጠራት በጻፍኩት ጽሑፍ አንዲት ልጅ ስም የለሽ አደረግሁ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው።

አሁን ጠበቃ ላቁምላችሁ፤ ጠበቃው እኔው ራሴ ነኝ፤ ለዓመታት ስከራከርለት ስለኖርኩ ጉዳዩን አውቀዋለሁ። «ልጅቷ ጥያቄ ነው የጠየቀችው፤ ሥራውን የሠራኸው አንተ ነህ» ይለኛል። እውነት ነው። ፊሊፕም ሥጋውን ገዝቷል፣ ምድጃ ፊት ቆሟል፣ ኪራይ ከፍሏል። እሱ ባይነክር ኖሮ የደንበኛው ጥያቄ እዚያው ባንኮኒው ላይ በቀረ። ጠያቂ ብቻውን ምግብ ቤት አይከፍትም።

ጠበቃው ይቀጥላል፦ «ደግሞስ ሐሳብ ባለቤት አለው እንዴ? ተረትና ምሳሌያችንን ማን ተናገረው? እንጀራን ማን ጀመረው? የወል ነው።» ይኼም እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ተረትና ምሳሌው ባለቤቱ የጠፋው በዘመን ብዛት ነው፤ ማንም አልደበቀውም። እኔ ግን ባለቤቷን አውቃታለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ፊት ለፊቴ ትቀመጥ ነበር። ባለቤቱ የማይታወቅ ነገርና ባለቤቱን እያወቁ ዝም የተባለበት ነገር ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ላይ ስም የለም። ልዩነቱን የሚያውቀው ዝም ያለው ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማንም ሳይከሰኝ እኔው ጠበቃ ማቆም ያስፈለገኝ።

የሳንድዊች ሻጩን ነገር ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል። ሰውየው በ1951 ለጋዜጠኛው ሲናገር ከነገሩ 33 ዓመት አልፏል፤ ቤቱን ከሸጠ 24 ዓመት ሆኖታል። የሚቃወመው ምስክር አልነበረም። «አንድ ሌሊት አሰላሰልኩና ፈጠርኩት» ቢል ማን ይከራከረዋል? እሱ ግን «አንድ ደንበኛ ጠየቀኝ» አለ። ስሙን ባያውቀው እንኳ ቦታውን አልወሰደበትም። መንከሩን ለራሱ፣ ማየቱን ለሰውየው ሰጠ። ይኼ እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ስለ ምንጭ አጠቃቀስ ያስተማረ ሰው አይደለም፤ ዳቦ ሻጭ ነው።

«አንድ ተማሪዬ ጠየቀችኝ።» ሦስት ቃል ናት። ሰማኒያው ግርጌ ማስታወሻ ላይ ሰማኒያ አንደኛ ሆና ብትጨመር ከክብሬ ምን ትቀንስብኝ ነበር? እንዲያውም ተማሪውን የሚያዳምጥ መምህር ታስብለኝ ነበር። የሚገርመው ይኼ ነው፦ የምንሰርቀው ሁልጊዜ ስለ ጎደለን አይደለም። ለጀርመኑ ምስጋና ስንሰጥ እኛም ከፍ ያልን ይመስለናል፤ ከታች ለተቀመጠው ስንሰጥ ግን ዝቅ የምንል ይመስለናል። ወደ ላይ እንጠቅሳለን፤ ወደ ታች አንጠቅስም። በየመሥሪያ ቤቱ ተመልከቱ። አለቃ የበታቹን ሐሳብ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ ያቀርባል፤ ያንኑ ሐሳብ ሚኒስትሩ ተናግረውት ቢሆን ግን በየዓረፍተ ነገሩ «ክቡር ሚኒስትር እንዳሉት» ይል ነበር። በየቤታችንም ያው ነው። እንግዳ ወጡን ሲያደንቅ «የእኔ ሙያ ነው» የምትል እመቤትና ጓዳ ሆና የምትሰማ ሠራተኛ የሌሉበት ቤት ስንት ነው?

ከሎስ አንጀለስ እንደተመለስኩ ካርቶን ሙሉ የድሮ ወረቀቴን አወረድኩ። አቧራው ሲያስነጥሰኝ ዋለ። የዚያን ዓመት የስም መቆጣጠሪያ አገኘሁት። 43 ተማሪዎች ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ 14ቱ ሴቶች ናቸው። አሥራ አራቱንም ስም ደጋግሜ አነበብኩ፤ ጮክ ብዬም ጠራኋቸው። መስኮቱ ይታየኛል፤ ድምጿ ይሰማኛል፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ማወቅ አልቻልኩም። ስሟን ስላልጠቀስኩት ረሳሁት። ፊሊፕ የደንበኛውን ስም ባይናገር ሰውየው አላፊ አግዳሚ ነው። የእኔዋ ግን በገዛ እጄ ጽሑፍ መዝገቤ ላይ ተመዝግባለች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋቱስ ይሁን፤ እሱ ማንንም ሳይጠብቅ ይጠራል። እውነት ግን አንድ ሰው ካልተናገረው ሃያ ዓመትም ቢያድር ካርቶን ውስጥ ነው የሚያድረው።

ስለዚህ ጽሑፉ እንደገና የሚታተም ከሆነ በሚል መጀመሪያ ገጹ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሬ አስቀምጫለሁ። «የዚህ ጥናት ጥያቄ የእኔ አይደለም፤ አንዲት ተማሪዬ ከመስኮት ሥር ሆና የጠየቀችው ነው» ትላለች። ከአጠገቧ ለስም የሚሆን ክፍት ቦታ ትቻለሁ።

እህቴ፣ ዛሬ የት እንዳለሽ አላውቅም። ምናልባት ልጆች አሳድገሻል፤ ምናልባትም አንቺም መምህር ሆነሻል። ይኼን ገጽ የምታነቢ ከሆነ፣ ያን ቀን «እንመለስበታለን» ብዬሽ ነበር። ዘግይቼም ቢሆን ተመልሻለሁ። ስምሽን ላኪልኝና ልጥቀሰው።