የሚሻለው ኩላሊት የማን ነው?

በእኛ ዘንድ ስጦታ ሲባል ከምርጡ ነው። ለእንግዳ የሚታረደው የሰባው ሙክት ነው፤ የተሻለውን ለራሱ አስቀርቶ የሰጠ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። ይህን ልማድ የሚገለብጥ አንድ የሕክምና ደንብ ግን አለ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ቅር ብሎኝ ነበር።

አንድ ጤነኛ ሰው ለታመመች እኅቱ ኩላሊቱን ሊሰጥ ሲቀርብ፣ ከደምና ከሽንት ምርመራው ሌላ ሲቲ ስካን ይነሣል። በመጀመሪያው ሥዕል ጠጠር መኖር አለመኖሩ ይታያል። ከዚያም ሥዕሉን የሚያደምቅ መድኃኒት በክንዱ ይወጋና ወደ ኩላሊቶቹ የሚገቡት ደም ቅዳዎች ይቆጠራሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መድኃኒቱ ከሽንት ጋር ሲወርድ ደግሞ የሽንት ቱቦዎቹ እስከ ፊኛ ድረስ ይገለጣሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች እኩል ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ግራው ይመረጣል፤ ደም መልሱ ረዘም ስለሚል ለሚሰፋው ሐኪም ይመቻል። እኩል ካልሆኑ ግን፣ ለምሳሌ አንደኛው አነስተኛ ጠጠር ቢገኝበትና ሐኪሞቹ ለመስጠት አያግድም ቢሉ፣ የሚወጣው እሱ ነው። የሚሻለው ከሰጪው ጋር ይቀራል።

“የለም፣ ደህናውን ለእኅቴ!” ቢልስ? ፍቅር እንዲህ ያናግራል። ሐኪሙ ግን እሺ አይለውም፤ እኔም ዛሬ ልክ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ሲተክሉ፣ ሲቲ ስካን የሚባል መሣሪያ ገና አልተፈጠረም። ጥያቄው ግን ያኔም ነበር፦ ምንም ባላመመው ሰው ላይ ቢላ ይነሣል ወይ? ሪቻርድ ስምንት ዓመት ኖረበት፤ ሮናልድ በቀረችው አንዲት ኩላሊት እስከ 2010 ድረስ፣ 56 ዓመት ኖረ።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅለ ተከላ ሲጀመርም ኩላሊቱ የመጣው በሕይወት ካለ ዘመድ ነበር። የቤተ ዘመድን ጉባኤ ደግሞ እናውቀዋለን። ዓይን ሁሉ በበሽተኛዋ ላይ ነው፤ ጤነኛው “አንተማ ጠንካራ ነህ” ተብሎ ይታለፋል። ለእሱ የሚከራከርለት ያ ቅር ያሰኘኝ ደንብ ብቻ ነው።

ሥዕሉም ቢሆን በነጻ አይገኝም፤ ጨረሩን ጤነኛው የሚቀበለው ለሌላ ሰው ሲል ነው። ደግሞም ጠጠሩን እንጂ ተገፍቶ መምጣቱን አያሳይም። በአንዳንድ አገሮች በሽተኛዋን የማያክም ሌላ ባለሙያ ተመድቦ፣ ሰጪውን ከዘመድ ለይቶ ብቻውን የሚያነጋግረው ለዚህ ነው።