ሬሊጊዮ ስለ ተባለው የላቲን ቃል

እኛ ሃይማኖት የምንለውን የምዕራብ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ሬሊጊዮ ከተባለው ጥንታዊ የላቲን ቃል የተገኘ ነው። የእኛው ቃል አምነ ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋር ዝምድና ስላለው ምሥጢሩ ማመንና መታመን ነው። የላቲኑን ቃል ግን ሊቃውንት በሦስት መንገድ ተርጕመውታል።

መጀመሪያው የሮማዊው የንግግር ሊቅ የሲሴሮ ነው። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ስለ አማልክት ባሕርይ በጻፈው መጽሐፍ ቃሉን ደግሞ ከማንበብ፣ መላልሶ ከመመርመር አወጣው። ይህም ለሮማውያን ልማድ የተስማማ ነበር፤ በመሥዋዕታቸው ሥርዓት ላይ ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ ሁሉን ከመጀመሪያው ይደግሙት ነበርና።

ሁለተኛው የላክታንትዮስ ነው። እርሱም በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ክርስቲያኖች በሚሰደዱበት ወራት በጻፈው መጽሐፍ ሲሴሮን ነቅፎ ቃሉ ከማሰር የወጣ ነው አለ፤ ሰው በአምልኮ ማሰሪያ ከፈጣሪው ጋር የታሰረ ነውና። ለጣዖትም የሚተጋ አለ፤ ስለዚህ ትጋት ብቻውን አይበቃም፣ የሚመለከው ማን እንደ ሆነ ሊታወቅ ይገባል ሲል አስረዳ።

ሦስተኛው የአውግስጢኖስ ነው። እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ413 እስከ 426 ዓ.ም. በጻፈው «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ፣ ቃሉ በቸልታችን ያጣነውን አምላክ እንደ ገና መምረጥ ማለት ነው አለ። መታሰር የሚለውንም ትርጓሜ በሌላ ቦታ ተቀብሎታል።

ከእነዚህ እውነተኛው ሥርወ ቃል የትኛው እንደ ሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ምሥጢሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም ዳዊት እንደግማለን፤ ማዕተብ በአንገታችን እናስራለን፤ ከእግዚአብሔር በራቅን ጊዜም በንስሐ እንመለሳለን።

ነገር ግን አንዱን ይዘን ሌላውን ብንተው ጉዳት ይሆንብናል። ዳዊቱን በየዕለቱ እየደገመ ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ የሚኖር ሰው የሮማውያንን ጥንቃቄ እንጂ የክርስቲያንን ማሰሪያ አልያዘም። ማዕተቡን አስሮ ጸሎቱን የተወ ሰውም ፈትሉ በአንገቱ አለ እንጂ ልቡ ተፈትቷል። ይልቁንም እኛ ካህናት ቅዳሴውን አንዲት ቃል ሳናጓድል ስናደርስ፣ አንደበታችን ስለ ለመደው ልባችን ከመንበሩ እንዳይርቅ እንጠንቀቅ።

እንግዲህ ስንደግም እያስተዋልን፣ ስንታሰር በፍቅር እየታሰርን፣ በወደቅንም ጊዜ እርሱን እንደ ገና እየመረጥን እንድንኖር የአምላካችን ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።